የቅዳሜ ተውሳክ ስለ ምን ስምንት ሆነ?

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሰሞን ነው። ከጉና የሚወርደው ነፋስ የመኝታ ክፍላችንን መስኮት እያንቀጫቀጨ፣ እኛም በየብርድ ልብሳችን ተጠቅልለን ሻይ እየጠጣን ስንጨዋወት፣ አንዱ ጓደኛችን «ዘንድሮ የእኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ በአንድ ቀን ይውላል አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሦስቱ ወዲያው ስልካቸውን አነሡ፤ ኔትዎርክ ግን አልነበረም። ከጋይንት የመጣውና በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረው ጓደኛችን አልጋው ላይ እንደ ተጋደመ ጣቶቹን ጥቂት አንቀሳቀሰና «የኛ ሚያዝያ 12 ነው፤ የነሱን እናንተ ፈልጉ» አለ።

አንዱ «ደብተራው ጀመረ!» አለና ሁላችንም ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጓደኛችን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ በዚያ ሌሊትም ሌላ ቃል አልተናገረም። በማግስቱ ኔትዎርክ ሲመጣ አየነው፤ ሚያዝያ 12 ነበር። የፈረንጆቹም በዚያው ቀን፣ በእነርሱ አቆጣጠር አፕሪል 20 ቀን 2025 ነበር።

በሳቄ አፈርሁና ከሁለት ቀን በኋላ ለብቻው ይዤ «እስቲ አሳየኝ» አልሁት። እንዲህ ሲል አሳየኝ፤

«2017 ላይ 5500 ብትደምር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። በ19 ስትገድፈው 12 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ተወው፤ ወንበሩ 11 ነው። 11ን በ19 አባዛው፤ 209። በ30 ስትገድፈው 29 ይተርፋል፤ መጥቅዑ ይህ ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በዓሉ በመስከረም ይውላል። መስከረም 29 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29ና 4፣ 33፤ 30ውን ግደፍ፤ 3 ቀረ። መባጃ ሐመሩ 3 ነው። ወሩ ስለ ሞላ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት ተሻገረች፤ የካቲት 3 ሰኞ። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 3ና 9፣ 12። ሁለት ወር ተሻገር፤ ሚያዝያ 12።»

ወረቀት አልያዘም፤ እርሳስም አልያዘም። ቀጥሎም የዕለታቱን ተውሳክ በቃሉ ወረደልኝ፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2።

«ቁጥሮቹ በየቀኑ አንድ አንድ እያነሱ መሄዳቸው ይገባኛል» አልሁት። «ግን ለምን ከ8 ይጀምራሉ? የቅዳሜ ለምን 1 አልሆነም? በሰባት ቀን ሒሳብ 8ና 1 እኮ አንድ ናቸው።»

ጥቂት አሰበና «እኔ እንጃ፤ የኔታ እንዲህ ነው ያሉኝ፤ ለእርሳቸውም የኔታቸው» አለኝ። ከዚያም እንደ መሳቅ ብሎ «አንተስ? ሞጁላር አሪትሜቲክ ተምሬ ኤ አገኘሁ እያልክ ትመጻደቅ አልነበር? ንገረኛ!» አለ።

እኔም አላወቅሁም። እርሱ መልሱን ያለ ምክንያቱ ይዟል፤ እኔ ደግሞ የምክንያቱን ትምህርት ተምሬ ከደጄ ያለውን መልስ አላየሁትም። ሁለታችንም የአንድ ነገር ግማሽ ግማሹን ይዘን በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ኖረናል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ነገር ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በመካከላችን ስለ ሒሳብ ሁለት ዐይነት ወሬ ሲወራ እሰማለሁ። አንደኛው ወገን ሒሳብ ከፈረንጅ አገር በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣ ዕቃ ነው ብሎ ያምናል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አባቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ፈረንጆቹ ከእኛ ሰርቀው ነው ይላል። እነዚህ ሁለት ወገኖች ቢጣሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ቁጭ ብለው አንድ ገጽ እንኳ አይሠሩም። የመጀመሪያው ምን ቸገረኝ፣ ሁሉም ከውጭ ይመጣል ይላል፤ ሁለተኛው ምን ቸገረኝ፣ ሁሉም ድሮ ተሠርቷል ይላል።

የኔ አስተያየት ግን ይህ ነው። የሒሳብ ሊቅ የሚሠራበትን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ታሪክ ነው፤ ጦርነት፣ ሃይማኖት፣ ንግድ፣ የመንገድ ርቀት፣ የመጻሕፍት መኖርና መጥፋት ነው። ያ ጥያቄ ከመልሱ አልፎ ወደ ሌላ ጥያቄ የሚሸጋገረው ግን ተማሪ መምህሩን «ስለ ምን?» የሚልበት፣ መልሱም ተጽፎ የሚቀመጥበት ቤት ሲኖር ብቻ ነው። በዚህ በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ አገር ታሪክ ጥያቄ አልነፈገንም። የጎደለን ሁለተኛው ነው።

በመጀመሪያ የባሕረ ሐሳብን ነገር እንመልከት።

የፋሲካ ቀን ከሁለት ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው፤ ከጨረቃና ከእሑድ። ጨረቃና ፀሐይ ደግሞ በቀላሉ አይስማሙም። ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወሮች 354 ቀን ያህል ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ነው፤ ልዩነቱ 11 ነው። አበቅቴ በ11 የሚባዛው በዚህ ምክንያት ነው። ግሪካዊው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወሮች ጋር እንደሚገጥሙ አሳወቀ። በ19 የምንገድፈው ስለዚህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ ይህን ቁጥር ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ድሜጥሮስ 23 ሱባኤና 7 ሱባኤ ገባ ይባላል። 23 ጊዜ 7፣ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 ጊዜ 7፣ 49 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ጥንተ መጥቅዕ ነው። 11ና 19 ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። የአንድ ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 የሚሞሉበት ምሥጢር ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሒሳብ ስለ ምን አስፈለገ? በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ክርስቲያኖች ሁሉ ፋሲካን በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ፣ የአይሁድንም አቆጣጠር እንዳይከተሉ ስለ ወሰነ ነው። ከጉባኤው በኋላ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ የፋሲካውን ቀን በየዓመቱ በመልእክት ያስታውቅ ነበር። ለአክሱም ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ የሾመልን ይኸው አትናቴዎስ ነው። አሁን መንገዱን አስቡት። ከእስክንድርያ ተነሥቶ ዓባይን ወይም ቀይ ባሕርን ይዞ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ አንድ ደብዳቤ ከጾሙ በፊት እያንዳንዱ ደብር ይደርሳል? አይደርስም። ቤተ ክርስቲያኒቱ እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ የራሷ ፓትርያርክ አልነበራትም፤ ጳጳስ ሲሞት ሌላው ከግብፅ እስኪመጣ ዓመታት የሚያልፉበት ጊዜ ነበር። ጾም ግን ጳጳስን አይጠብቅም። ስለዚህ በየገዳሙና በየደብሩ ቀኑን ራሱ አስልቶ የሚናገር ሰው መኖር ነበረበት። ይህ ሰው መጽሐፍ ላይኖረው ይችላል፤ ብራና ውድ ነው፤ ደብርም ይቃጠላል። እንግዲያው ሒሳቡ በቃል የሚያዝ፣ በጣት የሚቆጠር፣ ትንንሽ ቁጥሮች ብቻ ያሉበት ሆነ። ርቀትና ድህነት ለባሕረ ሐሳብ መልኩን ሰጡት ማለት ነው።

አሁን ወደ ስምንት ቁጥር ልመለስ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አሰብሁበት፤ ከጓደኛዬም ጋር ከምግብ አዳራሹ በስተጀርባ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ተከራከርንበት። ያገኘነው ይህ ነው።

መጥቅዑ በመስከረም ዋለ እንበል። ከመስከረም እስከ ጥር አራት ወር ነው፤ አራት ጊዜ 30፣ 120 ቀን። 120 ማለት 17 ሳምንትና አንድ ቀን ነው። ስለዚህ መስከረም 29 ረቡዕ ከሆነ ጥር 29 ሐሙስ ነው። ከሐሙስ በኋላ 4 ቀን ብንቆጥር ሰኞ እንደርሳለን፤ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ ነው። ተውሳክ እንግዲህ ወደ ሰኞ የሚያደርስ ቁጥር ነው። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ነው፤ ዘጠኝ ሳምንትና ስድስት ቀን፤ ከሰኞ ተነሥቶ እሑድ ይገባል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ በቀመሩ የምትቆጠረዋን የፋሲካ ሙሉ ጨረቃ ፈለግን። ይህች ጨረቃ ከጥሩ መጥቅዕ ቀን በኋላ ሁልጊዜ በ70ኛው ቀን ላይ ትገኛለች። በ2017 ጥር 29 ላይ 70 ቢጨመር ሚያዝያ 9 ይመጣል፤ ሐሙስ ነበር። ፋሲካ ከሦስት ቀን በኋላ እሑድ ሚያዝያ 12 ዋለ። መጥቅዑ ቅዳሜ ሲሆንስ? አራት ወር ስንሻገር እሑድ እንገባለን። 70 ቀን ዐሥር ሳምንት ስለ ሆነ ሙሉ ጨረቃዋም እሑድ ትወጣለች። ተውሳኩ 1 ቢሆን ኖሮ ፋሲካ በዚያው በሙሉ ጨረቃዋ ቀን ላይ ይወድቅ ነበር። ሥርዓቱ ግን ይህን ይከለክላል፤ ሙሉ ጨረቃዋ ራሷ እሑድ ከዋለች ፋሲካ ወደሚቀጥለው እሑድ መተላለፍ አለበት። ስለዚህ በ1 ላይ 7 ተጨመረና 8 ሆነ።

አያችሁ? ያ ስምንት ቁጥር ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ከአይሁድ አቆጣጠር የተለየ ፋሲካ ይኑረን የሚለው የአራተኛው መቶ ዓመት ክርክር በውስጡ አለ። የጋይንት የኔታ ለአንድ ቆሎ ተማሪ «የቅዳሜ ስምንት» ብለው ሲያስጠኑት የዚያን ጉባኤ ውሳኔ በአንድ ቁጥር አጥፈው እየሰጡት ነው። ጓደኛዬ ይህን ሲረዳ «እንግዲያው የኔታ ትክክል ነበሩ!» ብሎ ጮኸ። «ትክክል ነበሩ፤ ግን ምክንያቱን አልነገሩህም» አልሁት። «አልጠየቅኋቸውማ» አለኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ይህን ሒሳብ ሌላም ሰው ሠርቶታል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ የተወለደበትን ቀን እናቱ በቁጥር አታውቀውም ነበር ይባላል፤ የምታስታውሰው ከዕርገት በዓል ስምንት ቀን ቀድሞ በዋለ ረቡዕ መወለዱን ብቻ ነበር። የእኛም እናቶች «በሑዳዴ መያዣ ተወለድክ፤ በቡሄ ማግስት ተወለድሽ» ይሉን የለም? ጋውስ በ1800 እ.ኤ.አ. በ23 ዓመቱ የፋሲካን ቀን የሚያወጣ ቀመር አሳተመ። ቀመሩን ብታዩት ዓመቱን በ19 ይገድፋል፤ ቀሪውን በ19 ያባዛል፤ አንድ የማይለወጥ ቁጥር ይጨምርበትና በ30 ይገድፋል። የፈረንጆቹን 2025 በ19 ስትገድፉት 11 ይተርፋል፤ ይህም ከላይ ያገኘነው ወንበር ነው! ጋውስ ከእኛ አልሰረቀም፤ እኛም ከጋውስ አልቀዳንም። ሁለታችንም ከእስክንድርያ ምንጭ ጠጥተናል። ልዩነቱ ጋውስ በነበረበት አገር ዩኒቨርሲቲና የሚታተም መጽሔት መኖሩ ነው። ለፋሲካ ብሎ የሠራበትን የቀሪ ቁጥር ስሌት በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1801፣ ባሳተመው መጽሐፍ ራሱን የቻለ ትምህርት አደረገው፤ እኛም ዛሬ ሞጁላር አሪትሜቲክ ብለን የምንማረው እርሱን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚሁ ከከተማችን አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ነው። የትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስ ለሃይማኖት ስብከት የመጡትን አውሮፓውያን ባለ እጆች፣ እነ ዋልድማየርን፣ መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዟቸው። እነዚያ ሰዎች መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር፤ እየሞከሩ፣ እየተሳሳቱ፣ እየደገሙ ተማሩ። በ1867 እ.ኤ.አ. ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ፈሰሰ። ይህን ያህል ነሐስ በአንድ ቅርጽ ለማፍሰስ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ የቅርጹን ይዘት ማወቅ፣ ይዘቱን ወደ ክብደት መለወጥ፣ ስንት ምድጃ በስንት ጊዜ ውስጥ ስንት እንደሚያቀልጥ መገመት ያስፈልጋል። ቀጥሎም ጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ያን ብረት ለበስ ጋራ በጅዳና በበሽሎ ገደል እያወረዱና እያወጡ መቅደላ ለማድረስ መንገድ መቅደድ፣ የመንገዱን ዘንበል ማለት ማስላት ነበረባቸው። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ወሰደ።

መድፍ በሌላ አገር ለሒሳብ ምን እንዳደረገ እናውቃለን። ጣሊያናዊው ታርታልያ ገና ልጅ ሳለ በ1512 እ.ኤ.አ. ወታደሮች ከተማውን ሲወሩ በሰይፍ አገጩን ተመትቶ ንግግሩ ተሰናከለ። በ1537 ባሳተመው መጽሐፍ ግን መድፍ በስንት ዲግሪ ቢያዘነብል ጥይቱ ሩቅ ይሄዳል ብሎ ጠየቀና 45 ብሎ መለሰ። ይህ ጥያቄ ለሚቀጥሉት ሊቃውንት መነሻ ሆነ። በጋፋትስ? በጋፋት ወጣቶች ከባለ እጆቹ ጎን ሙያ ይማሩ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ጥያቄውም ነበር፤ እሳቱም ነበር። ነገር ግን ሁሉ የተሠራው ለአንድ ዘመቻ፣ በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ፣ በጭንቅ ውስጥ ነው። ንጉሡ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጠሉ፤ ባለ እጆቹም አብረው ተወሰዱ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የጋፋት ትምህርት አብሮ ሞተ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ ያን የሚያህል መድፍ እንዴት እንደ ተሰላ የሚናገር አንድ የአማርኛ ገጽ ግን የጋፋት ተማሪዎች አልተዉልንም። እቶን ነበረን፤ የሚቆይ ትምህርት ቤት ግን አልነበረንም።

የመጻሕፍቱም ነገር እንዲሁ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲያቃጥሉ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ሰብስበው ወሰዱ። ከመቅደላ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከነዚያ መካከል መርጦ ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎችን ለብሪቲሽ ሙዚየም አስረከበ፤ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በቃል የተያዘው ትምህርት ከእሳቱ ተረፈ፤ ተጽፎ የነበረው ማብራሪያ ግን በየአገሩ ተበተነ።

በዚህም ምክንያት ስለ ባሕረ ሐሳብ በሒሳብ ዓይን የተጻፈውን ሰፊ መጽሐፍ የጻፈልን የሩቅ አገር ሰው ሆነ። ኦቶ ኖይገባወር ኦስትሪያዊ ነበር፤ በጀርመን አገር በጐቲንገን ያስተምር ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የሒሳብ ተቋሙን እንዲመራ ተሾመ፤ የታማኝነት መሐላ አልፈርምም ብሎ በሹመቱ ላይ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ወደ ዴንማርክ፣ ከዚያም በ1939 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ይህ ስደተኛ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የግእዝ ብራናዎች መርምሮ በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የሰማይ ትምህርትና የዘመን ስሌት አንድ መጽሐፍ አወጣ። በዚያም የእኛ ሊቃውንት የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ጠብቀው እንዳቆዩ አሳየ። ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የጓደኛዬ የኔታ አያነቡትም፤ እኛም አላነበብነውም።

አንዳንዱ አንባቢ «እንግዲህ ሁኔታው እንዲህ ካደረገን ምን እናድርግ? ሰላም የለ፣ መጽሐፍ የለ» ይል ይሆናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋይንት ድረስ ደርሶ እንደ ነበር ከእኛ መካከል የማያስታውስ የለም፤ ትምህርታቸውን ያቋረጡም ብዙ ናቸው። ጦርነት ሒሳብን አይጎዳም የሚል ሰው ጦርነትን አያውቅም።

ሆኖም ሁለት ሰዎችን አስቡ። ፈረንሳዊው ፖንስሌ በ1812 እ.ኤ.አ. ከናፖሌዎን ጦር ጋር ሞስኮብ ዘምቶ ተማረከ፤ በሳራቶቭ እስር ቤት ያለ አንድ መጽሐፍ የተማረውን እያስታወሰ አዲስ የጂኦሜትሪ ትምህርት ጀመረ፤ በ1822 አሳተመው። ዣን ለሬም በ1940 በጀርመኖች ተማርኮ አምስት ዓመት በኦስትሪያ ታሰረ። ዕውቀቱ የፈሳሾች እንቅስቃሴ ሒሳብ ነበር፤ ጀርመኖች ይህን ቢያውቁ ለጦር ሥራቸው ያስገድዱኛል ብሎ ስለ ፈራ ለጦርነት የማይረዳውን ቶፖሎጂን መረጠ። ከዚያ እስር ቤት የወጣው ትምህርት ሒሳብን ለወጠ።

ከዚህ የምማረው እስር ቤት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው ብዬ አይደለም። ፖንስሌ ከመማረኩ በፊት ፓሪስ ላይ አብዮቱ በ1794 ያቋቋመው ትልቅ የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ውስጥ ተምሯል። ለሬም በእስር ቤቱ ውስጥ ከሌሎች ምርኮኞች ጋር ዩኒቨርሲቲ አቋቁሞ ያስተምር ነበር። ሁለቱም የመጠየቅን ልማድ ይዘው ነው የገቡት። ሁኔታ መጽሐፉን ሊቀማ ይችላል፤ ልማዱን ግን በቀላሉ አይቀማም። ልማዱ ከሌለ ደግሞ መጽሐፍ የሞላበት ቤትም አይጠቅምም። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ነው ስምንትን ያላየኋት።

ይህ ልማድ ለእኛ ባዕድ ነው የሚለኝን ሰው አላምነውም። በቅኔ ቤት ተማሪው በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ እንዲመጣ ይገደዳል፤ የሌላውን ቢደግም ያፍራል። በመጻሕፍት ቤት «አንድም» እየተባለ አንድ ቃል በብዙ መንገድ ይመረመራል። ጋይንት ቅድስት ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬና ለመዋሥዕት የሊቃውንት መፍለቂያ ሆነው የቆዩት ትምህርትን በትጋት ማቆየት የሚያውቅ ሕዝብ ስላለ ነው። በቃል ላይ «አንድም» ማለት ከቻልን በቁጥርስ ላይ ማን ከለከለን? ባሕረ ሐሳብ መልሱ ብቻ ተፈለገና ለበዓሉ ከደረሰ በቂ ነው ተባለ፤ የከለከለን ይህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለማኅበራችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሒሳብ ተማሪዎች ክበብ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ ጋብዞ ይማር፤ እርሳቸው ደንቡን ይንገሩን፤ እኛ ምክንያቱን እንፈልግ፤ ያገኘነውንም ለእርሳቸው እናንብብላቸው፤ ከተሳሳትን ያርሙን። ሁለተኛ፣ ደንቡና ማረጋገጫው ጎን ለጎን በአማርኛ ተጽፎ በዚህ መጽሔት ይውጣ። ብዙ ወጪ የለውም፤ ጥቂት ገጽ ወረቀትና የማባዣ ቀለም ነው። ሦስተኛ፣ ከአብነት ትምህርት ቤት መጥቶ አብሮን የሚማረውን ወንድማችንን «ደብተራው» እያልን መሳቅ እናቁም። እኔ ከሳቁት አንዱ ስለ ነበርሁ ይቅርታውን በዚሁ ገጽ ላይ እጠይቀዋለሁ።

ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦት «አንድ ጥያቄ ጨምርበት» አለኝ። እነሆ ጨመርሁት። መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በመስከረም፣ ቢያንስ በጥቅምት ይውላል ይባላል። በትክክል 14 ቢሆንስ? ሊቃውንቱ 14 የሚሆንበት ዓመት ፈጽሞ የለም ይላሉ። እኛም ዐሥራ ዘጠኙን ወንበሮች አንድ በአንድ አስልተን እውነት መሆኑን አይተናል።

ስለ ምን የለም? መልሱን ያገኘ ሰው ጽፎ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ያምጣ።